የሽማግሌው እጅ

አራሚው የሰው ስሕተት ሲለቅም የሚውል ሰው ነበር። ሙያው ነው። ከማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ሌሎች የጻፉትን እያነበበ የተዛነፈውን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ ይከባል። አመሉ ደግሞ ከቢሮ ተከትሎት ይወጣል። የሱቅ ታፔላ በሆዱ ሳያርም አያልፍም፤ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ ላይ የተጣመመ ቃል ካየ ሚስቱን ከጓዳ ጠርቶ ያሳያታል። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። «እኔ የማዋልዳቸውን ልጆች አንተ ብትረከባቸው ኖሮ፣ አፍንጫው ጠመም ብሏል እያልክ ግማሹን ትመልስ ነበር» እያለች ትስቅበታለች።

የሚስቱ አባት የሚኖሩት ከእነሱ ጋር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን «አባት፣ ትንሽ ርገጡት እንጂ!» ለሚላቸው ተሳፋሪ ሁሉ «ቀስታ ነው የሚያደርሰው» እያሉ ስለሚመልሱ፣ ጋሽ ቀስታ የሚል ስም ወጥቶላቸው ቀረ። አንድ ሰው ሳይጭሩ ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትተው አያውቁም። ጎረቤቱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የማይዘጋ ቁልፍ፣ የተሰበረ የድስት እጀታ ይዞላቸው ይመጣል፤ እሳቸውም በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ዐሥር ወር የሞላትን የልጅ ልጃቸውን በአንድ ጭናቸው፣ የተበላሸውን ዕቃ በሌላው ይዘው ሲጠግኑ ይውላሉ። ሕፃኗን ሚጢጢ ይሏታል። ወላጆቿ ሥራ ሲውሉ የምትውለው በእሳቸው እጅ ነው።

መኪናዋም የእሳቸው ነበረች፤ ለልጃቸው የሰጧት ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ነው። ነጭ ነበረች፤ አሁን ግን የተቀቀለ ጨርቅ መስላለች። ቢሆንም ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜዋ ዘይቷን ከሌላ ሰው እጅ ተቀብላ አታውቅም። ጋራዥ ለዘይት መሄድ ለሽማግሌው ፂም ለማስላጨት ሐኪም ቤት እንደ መሄድ ነው። ዓይናቸው ሲደክም ግን ሌላ እጅ አስፈለገ፤ ያ እጅ የአማቻቸው የአራሚው ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መኪናዋን የፊት እግሮቿን በሁለት ወፍራም ጣውላ ላይ አወጧት፤ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አደረጉ። ሽማግሌው በርጩማ አስቀርበው ከጎን ተቀመጡ።

«አምስት ደቂቃ አስነሳና አጥፋት። ዘይት የሚታዘዘው ሲሞቅ ነው።»

«እሺ አባባ።»

«ሳፋውን አስተካክለህ አስገባ። መጀመሪያ ወደ ፊት ይተፋል፣ ኋላ ነው ወደ ታች የሚወርደው።»

«እሺ አባባ።»

አራሚው ካርቶን ላይ በጀርባው ተንጋሎ ገባ። የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ፤ ዘይቱ እንደተባለውም ወደ ፊት ተፍቶ እጅጌውን ነከረው። ጥቁር ነበር፣ ይሞቃል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለቴ ነው የሚናገሩት፤ እሱ ደግሞ ሰውን ማረም እንጂ መታረም አልለመደም። «እሺ አባባ» የሚለው እያደር እያጠረ ሄዶ «እሺ» ብቻ ሆነ፣ በመጨረሻም ዝም አለ።

የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ እየፈታ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ነበር ያስቀመጠው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ማሽን ሊገባ ነው፣ አንዲት ፊደል አጠራጥራቸዋለች። አንዴ ጮኾ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። አራሚው የተፈታውን ፊልትሮ በአንድ እጁ ይዞ፣ ዘይቱ በክርኑ እየወረደ፣ ከመኪናው ሥር ሊወጣ ተንፏቀቀ።

«ጎማው አብሮ ወጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«ምኑ?»

«ፊልትሮው አፉ ላይ የጎማ ቀለበት አለው። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በጣትህ ዳሰስ አድርገው።»

ስልኩ ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ።

«ወጥቷል አባባ፣ ወጥቷል!» አለና ፊልትሮውን ሳፋው ውስጥ ጣለው።

አላየም። አልዳሰሰም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን አነሳና ስለዚያች ፊደል ዐሥር ደቂቃ አወራ። ተመልሶ አዲሱን ፊልትሮ አፉን ዘይት ቀብቶ አጠበቀው።

የቀረው የማፍሰሻው ቡሎን ነበር።

«እሷን ለኔ ተዋት» አሉ ሽማግሌው ከበርጩማቸው እየተነሡ።

«አይድከሙ አባባ፣ እኔ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያልደከመኝ ዛሬ አይደክመኝም። ቡሎን የሚጠብቀው በዓይን አይደለም፣ በእጅ ነው።»

ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት እየተንቋቋ ካርቶኑ ላይ ተንጋለሉ፣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ በጣታቸው ቀዳዳውን ፈልገው አገኙ። ቡሎኗን መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥለው በቁልፍ አጠበቋት። ሲወጡ ግንባራቸው ላይ የዘይት ጥፍጥፍ ነበረባቸው፣ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። «በቃ! አሁን አጠጣት» አሉ። አዲሱን ዘይት ሞሉ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ጠብ ያለ ነገር የለም። አራሚው ሰኞ ቢሮ ሲገባ «የመኪናችንን ዘይት በገዛ እጄ ቀየርኩት» ብሎ ለሰሚው ሁሉ ተናገረ። የሽማግሌውን ስም አላነሣም።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከጤና ጣቢያው ወደ ቤት ትመለስ ነበር። ወደ ድልድዩ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስትደርስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ዳር ልትይዝ አሰበች፤ ዳሩ ግን ገደል ነው። ከሞተሩ ውስጥ ጣሳ ሙሉ ጠጠር ሲንቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ አንድ ነገር ተናክሶ ደረቀ፣ መኪናዋም በቁሟ ሞተች። መሪው ከበዳት። ከኋላዋ አሸዋ የጫነ የጭነት መኪና ነበር።

ቤት የደረሰችው ከሌላ ሰው ጋር ተሳፍራ ነው። ሳሎኑ መሀል ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣች።

«ስንዝር ሲቀረው ነው የቆመው» አለች። «ሹፌሩ ወርዶ ሊሰድበኝ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወኝ። ከመኪናዋ ሥር ዘይት እንደ ጎርፍ ወርዶ አስፋልቱን ሞልቶታል።»

ሽማግሌው ሚጢጢን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሕፃኗን ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጧት።

«ዘይት?» አሉ።

«ዘይት አባዬ። አንዲት ጠብታ አልቀረላትም አለኝ ያየው ሰው።»



በማግስቱ አራሚው ከቢሮ አስፈቅዶ መኪናዋ ተጎትታ ወደ ገባችበት ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ጋሽ ቀስታን ከጥንት የሚያውቅ፣ ቀልድ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። ያን ዕለት ግን አልቀለደም። ፊልትሮውን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ አሳየው። አፉ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት የጎማ ቀለበት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፎ ነበር። የላይኛው ግማሹ ወደ ውጭ ተገፍትሮ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል።

«ይኸኛው የድሮው ነው» አለ መካኒኩ። «ሲፈታ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አዲሱን በላዩ ላይ ጠመዱበት። ቆሞ ሲነሣ ይይዛል፤ መንገድ ወጥቶ ግፊቱ ሲበረታ ተፈናጥሮ ይሄዳል። ሞተሩ አልቋል፣ ሌላ መፈለግ ነው።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ቀስታ ናቸው አይደል የቀየሩት? እሳቸው እኮ ሌላ ሰው አያስነኩም።»

ጋራዡ ውስጥ አራት አምስት ሰው አለ። ሁሉም ሥራውን ያቆመ መሰለው። አራሚው አፉን ከፈተ። «አይ፣ እኔ ነኝ» የሚለው ምላሱ ላይ ነበር፤ ሦስት ቃል ነው፣ ከባድ ነገር የለውም። ግን ሰኞ ዕለት ቢሮ ያወራው ትዝ አለው። ሚስቱ ውኃ ስትጠጣ ብርጭቆው ጥርሷን ሲመታ ትዝ አለው። ሳያውቀው ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ዕድሜ ነው» አለ መካኒኩ በሐዘን። «ዓይናቸውም ደክሟል። ለሳቸው እንዳትነግራቸው፣ ቅስማቸው ይሰበራል። እኔም ቃል አይወጣኝም።»

አራሚው ወደ ቤት ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲሸነግል ነበር። ቤት ስገባ እነግራቸዋለሁ፤ መካኒኩ ምን ቸገረው፣ ዋናው ቤተሰቡ ነው አለ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ቀኑን ሙሉ የቆሙ ይመስላሉ።

«ዘይቱ ከየት ነው የወረደው?» አሉት። ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

ከፊልትሮው ቢል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል። ጎማውን ዳስሰህ ነበር ወይ ነው።

«ከታች ነው አባባ» አለ።

ውሸትም አይደል። ዘይት ሁሉ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሽማግሌው ግን የገባቸው ከቡሎኗ እንደሆነ ነው፤ እንዲገባቸውም ነበር የተባለው። ሁለት መዳፋቸውን አንሥተው፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለከት ሰው፣ አገላብጠው አዩዋቸው።

«አጥብቄያት ነበር» አሉ። «የጠበቀች መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ለሚስቱም ያችኑ ቃል ነገራት፤ ከታች ነው፣ ከቡሎኗ ሳይሆን አይቀርም። ሚስቱ «ለአባዬ አንዲት ቃል እንዳንናገር። ይበቃዋል» አለች። አራሚውም እሺ አለ። 

ሽማግሌው መጀመሪያ የተዉት የጎረቤቱን ዕቃ ነው። አንዲት ሴት የማትቀጣጠል ምድጃ ይዛ ስትመጣ በትሕትና መለሷት። «እሳት ያለበት ነገር ነው ልጄ። እጄ ከድቶኛል» አሏት። ቀጥለው ፂማቸውን ራሳቸው መላጨት ተዉ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው መያዝ ጀመሩ። ውኃ ቀድተው ሲጨርሱ ልጃቸውን ጠርተው «ቧንቧውን እይልኝ፣ ዘግቼው ይሆን?» ይላሉ። የተዘጋ ነው። ሁልጊዜም የተዘጋ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን የሚጢጢ ነገር ነው። መኪናዋ በሞተች በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልጃቸው ወደ ሥራ ልትወጣ ሕፃኗን ስትዘረጋላቸው፣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላቸው ወሰዱ።

«አትስጪኝ።»

«ምን ሆነሃል አባዬ?»

«ብረት ያላጠበቀ እጅ ልጅ አይይዝም። አንቺን ልገድልሽ ነበር። እሷን ደግሞ ልጨምር?»

ሚስቱ አለቀሰች፣ ለመነች፤ ወይ ፍንክች። ጎረቤት ያለች ሴት እየመጣች ቀን ቀን ሕፃኗን እንድትይዝ ተደረገ። ሽማግሌው እዚያው በረንዳ ላይ፣ ከእነሱ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይቀመጣሉ። አራሚው ይህን ሁሉ ከቁርስ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያያል፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ «ደኅና ዋሉ አባባ» ብሎ ይወጣል።

ሥራው ላይም ዓይኑ ከዳው። ድሮ ከገጽ ውስጥ ስሕተት እየዘለለ ፊቱ ላይ ይመጣለት ነበር፤ አሁን ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ያልፋሉ። አንድ ቀን ሁለቴ የታተመ ሙሉ ገጽ ሳያይ አሳለፈ። ኃላፊው ጠርቶ «ቤት ሰላም ነው?» አለው። «ሰላም ነው» አለ። መዋሸት ለካ እንደ መንገድ ነው፤ አንዴ ከተጠረገ እግር ራሱ ይሄድበታል።

በአምስተኛው ሳምንት ሚስቱ አባቷን ለሐኪም እናሳይ አለች። በቀጠሮው ቀን ግን እሷን ሥራ ስለያዛት ይዟቸው የሄደው አራሚው ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፈገግታ አታጣም። አዛውንቱን ጣቶቻቸውን አስዘረጋቻቸው፣ አፍንጫቸውን አስነካቻቸው፣ በመጨረሻም ሁለት ጣቷን መዳፋቸው ውስጥ ከተተችና «ጭምቅ ያድርጉ» አለች። ጨመቁ። ሐኪሟ «ኧረ አባባ!» ብላ እጇን አራገበች። «ይቺን ጣት እኮ ነገም እፈልጋታለሁ! እጅዎ ምንም አልሆነም፣ ከኔ ይጠነክራል።»

አራሚው ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ወለሉን አየ። የወለሉን ንጣፍ ስንጥቅ አንድ በአንድ አየው።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ሽማግሌው በመስኮት እያዩ «ደግ ልጅ ናት» አሉ።

«ሐኪሟ?»

«ሽማግሌ ማስከፋት አልፈለገችም። እኔ ግን እጄን አውቀዋለሁ። አውቀው ነበር» አሉና የራሳቸውን ቃል አረሙ።

ያን ጊዜ ሊናገር ነበር። «አባባ» ብሎ ጀመረ፤ ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩት። ታክሲው ውስጥ ሰው አለ። «መስኮቱን ልዝጋልዎ፣ ነፋስ አለ» አለ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ሚስቱ ጓዳ ልብስ ታጥባለች፣ ሽማግሌው በረንዳ ላይ ናቸው፣ አራሚው ሳሎን በር ላይ ጋዜጣ ይዞ ቆሟል። ሚጢጢ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ተንፏቃ ተንፏቃ በረንዳው ደፍ ጋር ደረሰች፣ ወደ አያቷ ሄደች፣ ሱሪያቸውን ጨብጣ በእግሯ ቆመች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መቆሟ ነበር። ቆማም ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋችላቸው፣ ዘርግታ ስለለቀቀች ተወዛወዘች። የሽማግሌው እጅ ሳያስቡት ወጣ፤ መንገድ ላይ ግን ቆመ፣ ተመለሰና ብብታቸው ውስጥ ገባ። ሕፃኗ በቂጧ ዱብ አለች። አልተጎዳችም። ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አራሚው ጋዜጣውን ጣለው። ሕፃኗን አንሥቶ ከአዛውንቱ ፊት ለፊት፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ቡሎኗ ጠብቃ ነበር።»

ሽማግሌው አልዞሩም። «ልታጽናናኝ ነው?»

«አይደለም። ዘይቱ የወረደው ከፊልትሮው ነው። የድሮው ጎማ ሞተሩ ላይ ቀርቶ ነበር። መካኒኩ በማግስቱ አሳይቶኛል። ሁለት ጎማ።»

አሁን ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ነበር፣ አውቶቡስ የሚመረምር ሰው ድምፅ።

«ጎማው አብሮ ወጣ ወይ ብዬ ጠይቄሃለሁ።»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልከኝ?»

«ወጥቷል አልኩ።»

«አይተህ ነበር?»

«አላየሁም። ስልክ እየጮኸብኝ ነበር።»

«ስልኩን ተወው።»

«አላየሁም አባባ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይሄኛው አልከበዳቸውም። «ጎማ የሚረሳ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። እኔም በጀማሪነቴ የራዲያተር ክዳን ረስቼ ስድሳ ሰው በረሃ ላይ አቁሜያለሁ።» ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «መካኒኩ በማግስቱ ነው ያሳየህ?»

«በማግስቱ።»

«እኔ በር ላይ ቆሜ ከየት ነው ስልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከታች አልከኝ።»

 ሚጢጢ የአራሚውን ሸሚዝ ቁልፍ ለመንቀል ትታገላለች።

«ሐኪሟ ጋ ስትወስደኝም ታውቅ ነበር» አሉ ሽማግሌው። አሁን ድምፃቸው ተሰበረ። «ሰባት ሳምንት እኮ ነው። መኪና ብረት ነው፣ ይተካል። እኔ ግን ጠዋት ስነሣ እጄን እያየሁ፣ ልጄን ልትገድልብኝ ነበር እለው ነበር። የገዛ እጄን! ሰው ከገዛ እጁ ጋር ተጣልቶ የት ይሄዳል?»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«አሁን አትጠይቀኝ። ልጅቷን አምጣት።»

ሰጣቸው። ሽማግሌው ሕፃኗን ተቀብለው፣ አንድ እጃቸውን ከሥሯ፣ አንዱን ከጀርባዋ አድርገው፣ ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ከዚያ በራሷ ላይ አሻግረው፦ «ለሚስትህ ራስህ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም፣ አልደብቅልህምም» አሉት።

ጓዳ ሲገባ ሚስቱ እጇ እስከ ክርን አረፋ ውስጥ ነበር። ነገራት። መጮኋን ጠብቆ ነበር፤ አልጮኸችም። የያዘችውን ልብስ ቀስ ብላ ውኃው ውስጥ ለቀቀችው።

«ጭነት መኪናው ሊጨፈልቀኝ የነበረውን ይቅር እልሃለሁ» አለች። «ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ቀን በቀን የምፈራው ስሕተትን ነው። ግን አባቴ ልጄን አትስጪኝ ሲለኝ፣ እኔ እግሩ ሥር ተቀምጬ ሳለቅስ፣ አንተ እዚያ ነበርክ። ዳቦ ትበላ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«እንዴት ዋጥከው?»

 ሚስቱ ለዐሥራ አንድ ቀን ከቤት ጉዳይ በቀር አላናገረችውም፤ በሩን ዝጋ፣ ዳይፐር አልቋል፣ ይኸው ነው።

አራሚው ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት ጋራዡ ሄደ። መካኒኩ ቃል አይወጣኝም ያለው ነገር ሰፈሩን ዞሮ እንደ ጨረሰ ሰምቷል፤ ጎረቤቱ ዕቃውን ይዞ ሌላ ጠጋኝ ጋ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። ያን ቀን እንደነበረው ሁሉ ሰው ነበር። መሀል ላይ ቆመና፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ያንን ፊልትሮ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ቀስታ ያጠበቁት ቡሎኗን ብቻ ነው፣ እሷም ጠብቃ ነበር። ስትጠይቀኝ ዋሽቼሃለሁ» አለ። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ሳቁን ሳል አስመሰለ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና «ቡሎኗንስ እኔም በቁልፍ ታግዬ ነው የፈታኋት። ምነው ያኔውኑ በጠረጠርኩ» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መካኒኩ ባርኔጣውን አውልቆ በረንዳው ላይ መጣ። ሽማግሌው አስቀመጡት፣ ሻይ አስቀረቡለት፣ ከዚያ «ለኔ ብለህ ለኔ አለመንገርህ ደግ ነው። ለሰፈሩ የነገርከው ለማን ብለህ ነው?» አሉት። መካኒኩ እስከ ጆሮው ቀላ። ወጥቶ ሲሄድ ግን ሳምንት የሚያሠራ የተበላሸ የበር ቁልፍ ጥሎላቸው ሄደ፤ ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። ምድጃዋም መጣች። ሚጢጢ ወደ ጭናቸው ተመለሰች፤ በወሩ መራመድ ጀመረች፣ ያለ ማንም እርዳታ ማለት ነው፣ የአያቷን ጣት ሳይቆጥሩ።

መኪናዋ ሌላ ሞተር ገባላት። ሚስቱ መናገር ጀመረች፣ በመጀመሪያ በትንሹ፣ ኋላም እንደ ድሮው፤ ስትስቅበት ግን አሁን አንዳንዴ መሀል ላይ ታቆማለች። ሽማግሌው አልተቆጡትም፣ አልሰደቡትም። አንድ ቀን ብቻቸውን ሲሆኑ አራሚው እንደገና ጠየቃቸው።

«ይቅር ብለውኛል አባባ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «ብያለሁ» አሉ። «ግን አንዳንዴ ይመጣብኛል። እኔ አልጠራውም፣ ራሱ ነው የሚመጣው። ሲመጣብኝ ዝም እላለሁ። አንተም ያን ጊዜ ዝም በል።»

እንዳሉትም ሆነ። አንዳንድ ቀን፣ እራት ላይ፣ ወሬው ደምቆ ሳለ ሽማግሌው በድንገት ያቆማሉ። መዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ሚስቱ ባሏን ቀና ብላ ታየውና ሳህኗን ታያለች። አራሚው የያዘውን ጉርሻ ያስቀምጥና ይጠብቃል፤ ማሰብም መናገርም አይደፍርም፣ ይጠብቃል ብቻ። አንዳንዴ ደቂቃ ይሆናል፣ አንዳንዴ እራቱ ያልቃል። ከዚያ ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ያያሉ።

«ነገ ሳይዘንብ አይቀርም» ይላሉ።

«ሳይዘንብ አይቀርም አባባ» ይላል አራሚው።